ለዝናብ፣ ለብርድ፣ ለሙቀት፦ የዲስክ ጎልፍ ፕላስቲክ አመራረጥ ከሀ እስከ ፐ

ዲስክ ጎልፍ የፕላስቲክ ዲስክ ወርውሮ የብረት ቅርጫት ውስጥ የማስገባት ጨዋታ ነው። ዲስኩ ከእጃችሁ ሾልኮ ጫካ ከገባ፣ ክንዳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት የያዛችሁትን ፕላስቲክ እዩ። ብዙ ጀማሪ ሱቅ ገብቶ የሚገዛው ወይ ውዱን ወይ የሚያምረውን ነው። ያ ዲስክ በጁላይ ጥሩ ይሄዳል። በጃንዋሪ ግን እንደ ሸክላ ሳህን ደርቆ ይጠብቀዋል። ከዚያ ሌላ ዲስክ ይገዛል፤ ያም አይሠራም። ቦርሳው ይሞላል፣ ውጤቱ ግን ያው ነው።

ይህ መመሪያ በዋናነት ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ለምትጫወቱ ነው። እንደ ብሉሞንት፣ በርክ ሌክ ወይም ሴኔካ ክሪክ ባሉ የአካባቢው ሜዳዎች የሚጫወት ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ላብ፣ ጭቃ፣ የረገፈ ቅጠልና በረዶ ያያል። ሚኒሶታ ያላችሁ የብርዱን ክፍል አጥብቃችሁ አንብቡ። ዴንቨር ያላችሁ ደግሞ የድንጋዩንና የከፍታውን።

ቅደም ተከተሉን ያዙ፦ መጀመሪያ እጅ፣ ቀጥሎ መሬት፣ መጨረሻ ነፋስ። ብዙ ሰው ከነፋስ ይጀምራል። ዲስኩ ከእጃችሁ በትክክል ካልወጣ ግን የነፋሱ ነገር ምንም አይፈይድላችሁም።

የአቅጣጫ ምሳሌዎቹ ሁሉ በቀኝ እጁ ባክሃንድ (ክንዱን በደረቱ ፊት አሻግሮ) ለሚወረውር ሰው ናቸው። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጧቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦
• ሦስት ፎጣ። አንዱ በፌስታል ተጠቅልሎ ደረቅ ሆኖ ይቀመጥ።
• እጅ የሚያደርቅ ዱቄት የያዘች ትንሽ ከረጢት። የዲስክ ሱቆች ሁሉ ይሸጧታል።
• የማይለቅ እስክሪብቶ። ስልክ ቁጥራችሁን ከዲስኩ ሥር ጻፉ፤ እዚህ አገር ዲስክ አግኝቶ የሚደውል ሰው ብዙ ነው።
• የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና። አዲስ ዲስክ ከፋብሪካ ሲመጣ የሚያዳልጥ ነገር ሊኖርበት ይችላል። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ሳታጥቡት «ይህ ፕላስቲክ አይያዝም» አትበሉ።

ደረጃ 1፦ ሦስቱን ቤተሰቦች ለዩ

ኩባንያዎቹ ለፕላስቲካቸው ስም ሲያወጡ ልክ የላቸውም። ግን አብዛኛው ከሦስት ቤተሰቦች በአንዱ ይገባል።

ዲኤክስ። የኢኖቫ መነሻ ፕላስቲክ ነው። የዲስክራፍት ፕሮ-ዲ፣ የላቲቱድ 64 ሬትሮና የዳይናሚክ ዲስክስ ፕራይም ወንድሞቹ ናቸው። ዋጋው 10 ዶላር አካባቢ ነው። ጣት ላይ ጥሩ ይይዛል። ዛፍ ሲመታ ግን ጠርዙ ይላጣል፣ በረራውም ቶሎ ይቀየራል።

ስታር። ውድ ነው፣ ብርሃን አያሳልፍም፣ ሲነካ ትንሽ ጎማ ጎማ ይላል። የዲስክራፍት ኢኤስፒ፣ የላቲቱድ ጎልድ፣ የዳይናሚክ ፊውዥንና የዲስክማኒያ ኤስ-ላይን እዚህ ይመደባሉ። መያዣውም ዕድሜውም ደህና ነው። አንድ ብቻ ግዙ ብባል ይህን ነው የምለው።

ቻምፒየን። እንደ ባለቀለም መስታወት ብርሃን ያሳልፋል፤ ጠንካራ ነው። የዲስክራፍት ዚ፣ የላቲቱድ ኦፕቶ፣ የዳይናሚክ ሉሲድና የዲስክማኒያ ሲ-ላይን ዘመዶቹ ናቸው። ድንጋይም ዛፍም በቀላሉ አይጎዳውም። ሲረጥብ ግን ያዳልጣል፣ ሲበርድ ይደርቃል።

ከዚህ በኋላ ዲኤክስ፣ ስታር፣ ቻምፒየን ስል ቤተሰቡን በሙሉ ማለቴ ነው። ከነዚህ ሌላ ለብርድ ተብለው የለሰለሱ አሉ፦ የኢኖቫ ጂስታር፣ የዲስክራፍት ኤፍኤልኤክስ፣ የካስታፕላስት ኬ1 ሶፍት። እነሱን ብርዱ ላይ እናገኛቸዋለን።

ተጠንቀቁ፦ ስሙ ዋስትና አይደለም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ዲስኮች በተለያየ ጊዜ ከተመረቱ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ ደረቅ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ እንኳን ለውጥ ያመጣል። ስለዚህ በእጅ መፈተሽ የግድ ነው።

ደረጃ 2፦ ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ ፈትሹ

1. ሎሽን ተቀብታችሁ አትሂዱ። ቅባት ባለበት እጅ ሁሉም ፕላስቲክ ያዳልጣል፤ ፍርዳችሁ ይበላሻል።
2. ዲስኩን በሁለት እጅ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ እጠፉት። በቀላሉ ታጥፎ ወዲያው ከተመለሰ ለብርድ ይሆናል። እምቢ ካለ የበጋ ዲስክ ነው።
3. አውራ ጣታችሁን ላዩ ላይ ጫን አድርጋችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱ። ቆዳችሁ ከያዘና ከተንቀጫቀጨ ጥሩ ነው። ጣታችሁ እንደ ልቡ ከሄደ ዝናብ ላይ አትመኑት።
4. ጣቶቻችሁን ከጠርዙ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ አድርጉ። ዲስክ የሚያዝበት ቦታ እዚያ ነው። ላዩ የሚይዝ ሆኖ ውስጡ የሚያዳልጥ ዲስክ አለ።
5. ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ከተወዛወዘ ጠማማ ነው፤ መልሱት።
6. በዓይናችሁ ትክክል ከጎን እዩት። ጉልላት ያለው ብዙ ጊዜ አየር ላይ ይቆያል። ጠፍጣፋው ቶሎ ወደ ግራ ይወርዳል።
7. ክብደቱን ከሥሩ አንብቡ። ጀማሪ ከሆናችሁ ከ160 እስከ 170 ግራም ያለው ይመቻል።

በኢንተርኔት ከገዛችሁ ትክክለኛ ክብደቱንና የራሱን የዲስኩን ፎቶ የሚያሳይ ሱቅ ምረጡ። «ቀለም እኛ እንመርጣለን» ከሚል ሱቅ የክረምት ዲስክ አትግዙ። ነጭ ቢልኩላችሁ በረዶ ላይ ምን ልታደርጉ ነው?

ደረጃ 3፦ አንድ ሞዴል፣ ሁለት ፕላስቲክ

ለዝናብ አንድ ሞዴል፣ ለነፋስ ሌላ፣ ለብርድ ሌላ መግዛት ነው ሰውን የሚያደናግረው። ዲስኩ ባልጠበቃችሁት መንገድ ሲሄድ ጥፋቱ የሞዴሉ ይሁን የፕላስቲኩ አታውቁም።

አንድ ሞዴል ይዛችሁ ፕላስቲኩን ብቻ ቀይሩ። ለምሳሌ የኢኖቫ ሌፐርድ 6፣ 5፣ -2፣ 1 የሚል ቁጥር አለው። የመጀመሪያው ፍጥነት ነው፣ ሁለተኛው አየር ላይ መቆየት፣ ሦስተኛው መጀመሪያ ወደ ቀኝ መዞር፣ አራተኛው መጨረሻ ላይ ወደ ግራ መውረድ። ዲኤክስም ሆነ ቻምፒየን ብትገዙ ቁጥሩ ያው ነው። በረራው ግን አንድ አይደለም። ቻምፒየኑ ብዙ ጊዜ ቀጥ ብሎ ሄዶ ወደ ግራ ይወርዳል፤ ዲኤክሱ በተለይ ጥቂት ከተመታ በኋላ ወደ ቀኝ ይዞራል። ሚድሬንጅ (ለመካከለኛ ርቀት የሚሆን ዲስክ) ከፈለጋችሁ የዲስክራፍት በዝን በኢኤስፒና በዚ ግዙ።

ከዚያ ነፋስ በሌለበት ቀን ባዶ ሜዳ ሂዱ።

1. ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ኃይል፣ ከደረት ከፍታ፣ ጠፍጣፋ አድርጋችሁ ወርውሩ።
2. እያንዳንዱን ደጋግሙ። አንድ ውርወራ ምንም አይነግራችሁም።
3. የት እንደወደቀ ሳይሆን የት መዞር እንደጀመረ ተመልከቱ።
4. ስልካችሁ ላይ አጭር ማስታወሻ ያዙ፦ «ቻምፒየን፣ ግራ ቶሎ»፣ «ዲኤክስ፣ ቀጥ»።

ልዩነት ካላያችሁ ምናልባት ዲስኩን ጠፍጣፋ አልለቀቃችሁትም፤ ወይም ፍጥነቱ ለክንዳችሁ በዝቷል። ወደ ዝቅተኛ ፍጥነት ውረዱና እንደገና ሞክሩ። 12 ፍጥነት ያለው ድራይቨር (ለሩቅ ውርወራ የሚሆን ፈጣን ዲስክ) ይዞ ስለ ፕላስቲክ መከራከር ለጀማሪ ጊዜ ማባከን ነው።

ደረጃ 4፦ የዕለቱን ሁኔታ ለዩ

ዝናብና ጭቃ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

ቻምፒየናችሁን ቤት ተዉት። ዲኤክስ ወይም ለስላሳ ስታር ያዙ። የዲስኩንም ቁጥር ወደ አራት ወይም አምስት ቀንሱ፤ አሥራ አምስት ዲስክ በዝናብ ማድረቅ አይቻልም። ሰፊ ጠርዝ ያላቸውን ድራይቨሮች ቀንሳችሁ በሚድሬንጅ ተጫወቱ። ቀጭን ጠርዝ እርጥብ እጅ ውስጥ ይሻላል።

ከእያንዳንዱ ውርወራ በፊት በዚህ ተራ ሂዱ፦

1. ጭቃ ካለ መጀመሪያ በእንጨት ጫሩት። በፎጣ ከጀመራችሁ ፎጣው ጭቃ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ጭቃ ስትቀቡ ትውላላችሁ። የቨርጂኒያ ቀይ ጭቃ ደግሞ እንደያዘ አይለቅም።
2. የጠርዙን ውስጠኛ ግድግዳ በጣታችሁ ፎጣውን እየገፋችሁ ዙሩት።
3. አውራ ጣት የሚያርፍበትን ላይኛውን ክፍል አድርቁ።
4. እጃችሁን መጨረሻ ላይ አድርቁ። ፎጣውን ቀይሩ፤ በዱቄት ከረጢቷ ጨርሱ።
5. ወዲያው ወርውሩ። ዲስኩን ይዛችሁ ወሬ አትጀምሩ።

ስህተት ሲመጣ አቅጣጫውን አንብቡት። ዲስኩ ወደ ግራ ካመለጠ ቀድሞ ከእጃችሁ ሾልኳል፤ መያዣው አልበቃም። ፕላስቲክ ቀይሩ ወይም ኃይል ቀንሱ። ወደ ቀኝ ከሄደ ደግሞ እንዳይሾልክ ፈርታችሁ አጥብቃችሁ ይዛችሁ ዘግይታችሁ ለቃችኋል። ያኔ ችግሩ የፕላስቲኩ አይደለም፤ እጃችሁን ፈታ አድርጉ። ሁለቱን ሳይለይ ዲስክ የሚቀይር ሰው ገንዘቡን ይጨርሳል።

እርጥብ ዲስክ ከደረቆቹ ጋር አትቀላቅሉ። ፎጣዎቹ ሁሉ ከረጠቡ፣ ያቺን በፌስታል ያለችውን አሁን አውጧት።

ማስጠንቀቂያ፦ ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨዋታው አበቃ። ሜዳ መሃል ከብረት ቅርጫት አጠገብ አትቁሙ።

ብርድና በረዶ

ፕላስቲክ ሲበርድ ይደርቃል። መጀመሪያ የሚሸነፈው ቻምፒየን ነው፤ በጣቶቻችሁ መካከል አልታጠፍ ይላል። ከዜሮ ዲግሪ በታች ዛፍ ላይ በኃይል ቢመታ የሚሰነጠቅም አለ። ጂስታርን፣ ኤፍኤልኤክስን ወይም ኬ1 ሶፍትን የምትፈልጉት ለዚህ ቀን ነው። እነሱን በጁላይ ይዛችሁ ስትወጡ ቢልፈሰፈሱ አትደነቁ።

• ዲስኮቹን ሌሊቱን መኪና ውስጥ አታሳድሩ። ቤት ይደሩ።
• ፑተራችሁን (ቅርጫት ውስጥ ለመክተት የምትወረውሩትን ዲስክ) በየመሃሉ ጃኬት ውስጥ አድርጉት።
• ሞቅ ያለ ዲስክ በረዶ ላይ ሲያርፍ በረዶውን ያቀልጠዋል፤ ውሃው ተመልሶ ዲስኩ ላይ ይግግራል። እንዳነሳችሁት ጥረጉት።
• የዲስኩ ጉዞ ያጥራል። ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፣ እናንተም ልብስ ደራርባችኋል። ኃይል ከመጨመር አንድ ደረጃ ፈጣን ዲስክ ውሰዱ።
• ነጭና መስታወት መሰል ቀለም አይሆንም። ደማቅ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ይሁን።

ዲስኩ በረዶ ውስጥ ከጠፋ ክብ ጉድጓድ አትፈልጉ። በጠርዙ ስለሚገባ የሚተወው ቀጭን ስንጥቅ ነው። ስንጥቁን ስታገኙ እዚያው ከመቆፈር ከስንጥቁ ወደፊት፣ ዲስኩ ይሄድበት በነበረው አቅጣጫ እጃችሁን ስደዱ። ለወዳጅነት ጨዋታ ከሆነ ከዲስኩ ሥር ረዘም ያለ ሪባን በቴፕ ብትለጥፉ ድካም ይቀንሳል። ውድድር ላይ ግን መጀመሪያ አዘጋጁን ጠይቁ፤ የጠፋ ዲስክ ለመፈለግ የሚሰጠውም 3 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሙቀትና ላብ

የዲሲ ኦገስት አየሩም እጁም እርጥብ ነው። ስታር እዚህ ቦታው ነው። ለስላሶቹን ተዉ፤ ፀሐይ ላይ ይልፈሰፈሱና ከእጅ ሲወጡ ይወዛወዛሉ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም የምትቀቡ ከሆነ በእጃችሁ ጀርባ ቀቡ፣ መዳፋችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ቦርሳችሁን መኪና ውስጥ ትታችሁ ቡና ለመጠጣት አትግቡ። የተዘጋ መኪና በበጋ ምድጃ ነው፤ ዲስክ ይጣመማል።

ዛፍ፣ ድንጋይና ቅጠል

በርክ ሌክ ዓይነት ጫካ ውስጥ አዲስ ዲኤክስ ይዛችሁ ከገባችሁ በጥቂት ዙር ውስጥ ሌላ ዲስክ ይሆንባችኋል። ጠርዙ በተጎዳ ቁጥር ወደ ቀኝ መዞሩ ይጨምራል። ቀኑ ደረቅ ከሆነ ጫካ የቻምፒየን ነው። ድንጋያማ ሜዳም እንደዚያው። ደረቅ መሬት ላይ ግን ጠንካራ ፕላስቲክ ነጥሮ ይንሸራተታል፤ ከቅርጫቱ ጀርባ ገደል ወይም ወንዝ ካለ ለስለስ ያለውን ምረጡ።

የተመታውን ዲኤክስ አትጣሉት። ነፋስ በሌለበት ቀጭን መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ ዲስክ ስትፈልጉ ከሱ የተሻለ አታገኙም።

ኖቬምበር ላይ ቀይ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ዲስክ ቅጠል ይሆናል። ሰማያዊ ወይም ሮዝ ያዙ።

ነፋስ

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ዲስኩ በፍጥነት እንደተወረወረ ያህል ስለሚሆን ወደ ቀኝ መዞሩ ይጨምራል። አዲስ ቻምፒየን፣ ከበድ ያለ፣ ዝቅ አድርጋችሁ ወርውሩ። ያረጀ ዲኤክስ ፊት ለፊት ነፋስ ላይ ተገልብጦ ይንከባለላል። ከኋላ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል፤ ዲስኩ ቶሎ ይወርዳል፣ ያረጀው ይጠቅማችኋል። ነፋሱና ዝናቡ አንድ ላይ ከመጡስ? እጅ ይቀድማል፦ የሚያዘውን ፕላስቲክ ውሰዱ፣ ኃይል ቀንሱ።

ውሃ

አብዛኛው ዲስክ ይሰምጣል። ከኢኖቫ ዲስኮች በዲኤክስ የሚሠራው ድራጎንና ዋሁ የሚባለው ይንሳፈፋሉ። ኩሬ የሚያሻግር ውርወራ ካለ ወይ እነሱን፣ ወይ ቢጠፋ የማያስቆጭ ዲኤክስ። ለ20 ዶላር ዲስክ ብላችሁ በክረምት ውሃ ውስጥ እንዳትገቡ።

ከፍታ

ዴንቨር 1,609 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። አየሩ ሲሳሳ ዲስክ ወደ ቀኝ መዞሩ ይቀንሳል፣ ወደ ግራ መውረዱ ይፈጥናል። ለእረፍት አገር ቤት ዲስክ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ቻምፒየኑን ትታችሁ ያረጀውን ዲኤክስና ቀለል ያለውን ውሰዱ። እዚህ ቀጥ የሚለው እዚያ ግራ ሲገባባችሁ ፎርማችሁ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ።

ሌሊት

እንደ ኤምቪፒ ኢክሊፕስ ያለ የሚያበራ ፕላስቲክ ግዙ፤ ከመወርወራችሁ በፊት በአልትራ ቫዮሌት ባትሪ አብሩበት። በስልክ መብራትም ይሆናል፣ ግን ቶሎ ይደበዝዛል።

ደረጃ 5፦ ፑተርን ለብቻው እዩ

ፑተር ዛፍ ላይ ብዙ አይመታም፤ ስለዚህ ውድ ፕላስቲክ አያስፈልገውም። ወደ ቅርጫት የምትወረውሩት በመነሻ ፕላስቲክ ይሁን። ጥንካሬው የእናንተ ምርጫ ነው፦ ለስላሳው ሰንሰለቱ ላይ ሲያርፍ የመንጠር ዕድሉ ያነሰ ነው፤ ደረቁ ከእጅ ሲወጣ ንጹህ ነው። ብርድ ላይ ደረቁ ስለሚብስበት አንድ ለስላሳ መንትያ ይኑራችሁ። ከሩቅ ለምትወረውሩት ፑተር ግን ስታር ወይም ቻምፒየን ግዙ። ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ቀን ሙሉ ዛፍ ሲመታ የዋለ ፑተር ከአምስት ሜትር አያምርም።

ደረጃ 6፦ ሲበላሽ

ጠርዙ ላይ የተላጠ ነገር። አውራ ጣታችሁን በጠርዙ ዙሪያ አስኪዱ። ጥፍራችሁን የሚይዝ፣ ወደ ላይ የተጠቀለለ ቀጭን ፕላስቲክ ካለ ያ ጣት ይቆርጣል። በጥፍር መቁረጫ አንሱትና በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት አሽሹት። ያን ብቻ። ዲስኩን በሙሉ ብትሞርዱት በፒዲጂኤ (የዲስክ ጎልፍ ማኅበሩ) ደንብ ከውድድር ውጪ ይሆናል።

መጣመም። ከቧንቧ የሚወርድ ሙቅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ንከሩት። የፈላ ውሃም፣ ማይክሮዌቭም፣ ኦቨንም ክልክል። ሲለሰልስ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አድርጉ፣ ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት፣ እስኪቀዘቅዝ አትንኩት። አልስተካከል ካለ አንዴ ድገሙ። ከዚያ በኋላም ከተወዛወዘ ለልጆች መጫወቻ ስጡት።

ስንጥቅ። መድኃኒት የለውም። የተሰነጠቀ ወይም የተበሳ ዲስክ በደንቡም አይፈቀድም። ማጣበቂያ አትሞክሩ።

ድንገት ማዳለጥ የጀመረ ዲስክ። አላረጀም፤ ቆሽሿል። በሳሙና እጠቡት፣ በአየር ይድረቅ። አሁንም ካዳለጠ ወደ ደረቅ ቀን ቦርሳ አዛውሩት።

በረራው የተቀየረ ዲስክ። ከላዩ ሳይሆን ከሥሩ በእስክሪብቶ «ቀኝ» ብላችሁ ጻፉበት። አዲስ ስትገዙ ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ ፕላስቲክ፣ በሌላ ቀለም ግዙ፤ ቦርሳ ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ አሮጌውን ከአዲሱ በዓይን እንድትለዩ።